ገንዳው ስንት ሊትር ይይዛል? ስንትስ ይመዝናል?

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የምትኖሩ ከሆነ ይህ ጥያቄ አዲስ አይሆንባችሁም፦ ግቢ ውስጥ ያለው የሲሚንቶ ገንዳ እስከሚቀጥለው ፈረቃ ያደርሰናል? መልሱን ለማወቅ በጀሪካን እየቀዱ መቁጠር አያስፈልግም። አንድ ሜትርና ትንሽ ማባዛት ይበቃል።

ገንዳው የሳጥን ቅርጽ አለው እንበል፤ የሒሳብ መጽሐፋችሁ ሬክታንግላዊ ፕሪዝም የሚለው ማለት ነው። ውስጡ ሲለካ ርዝመቱ 2 ሜትር፣ ወርዱ 1.5 ሜትር፣ ከፍታው 1 ሜትር ነው። ቀመሩን ታውቁታላችሁ፦

ይዘት = ርዝመት × ወርድ × ከፍታ

ግን ለምንድን ነው የምናባዛው? እያንዳንዱ ጎኑ 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ ትንሽ ኩብ አስቡ። ይህ ኩብ ልክ 1 ሊትር ይይዛል። በገንዳው ወለል ላይ በርዝመቱ 20፣ በወርዱ 15 ኩቦች ይደረደራሉ፤ 20 × 15 = 300። ይህ አንድ ንጣፍ ነው። ከፍታው 1 ሜትር ስለሆነ እንዲህ ያለ ንጣፍ 10 ጊዜ ይደራረባል፤ 300 × 10 = 3,000 ሊትር፣ ወይም 3 ሜትር ኪዩብ። በባለ 20 ሊትር ጀሪካን 150 ማለት ነው። ቤተሰቡ በቀን 10 ጀሪካን ቢጠቀም 15 ቀን ያቆየዋል።

ልብ በሉ፣ የለካነው ውስጡን ነው። ያው ልኬት የውጩ ቢሆንና ግድግዳውም ወለሉም 10 ሴንቲ ሜትር ቢወፍሩ (ክዳኑን ሳንቆጥር)፣ ውስጡ 1.8 × 1.3 × 0.9 ይሆናል፤ 2,106 ሊትር ብቻ! ከ44 ጀሪካን በላይ ውሃ በሲሚንቶው ተበላ ማለት ነው።

አሁን ደግሞ ከባዱ ጥያቄ፦ ገንዳውን ፎቅ ላይ እንስራው ቢባልስ? 1 ሊትር ውሃ 1 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ስለዚህ የ3,000 ሊትር ውሃ ክብደት 3 ቶን ነው። ይህ ክብደት ያረፈው 2 × 1.5 = 3 ካሬ ሜትር ላይ ስለሆነ፣ እያንዳንዱ ካሬ ሜትር 1,000 ኪሎ ይሸከማል። የመኖሪያ ቤት ወለል ሲነደፍ ግን ለሰውና ለዕቃ ተብሎ የሚታሰበው ጭነት በተለምዶ በካሬ ሜትር 200 ኪሎ ገደማ ነው። አምስት እጥፍ ሆነ!

ታዲያ 1,000 ሊትር ብቻ ቢበቃንስ? ይዘቱን በወለሉ ስፋት ስናካፍል ከፍታውን እናገኛለን። ወለሉ 1 ሜትር በ0.8 ሜትር ከሆነ፣ 1 ÷ 0.8 = 1.25 ሜትር ከፍታ ያስፈልጋል፤ ጭነቱም በካሬ ሜትር 1,250 ኪሎ ይደርሳል። ወለሉን 2.5 ሜትር በ2 ሜትር ብናደርገው ግን ከፍታው 0.2 ሜትር፣ ጭነቱም 200 ኪሎ ብቻ ይሆናል። ውሃው ያው 1,000 ሊትር ነው፤ የተለወጠው አቀማመጡ ነው። አያችሁ? ወለሉን የሚያስጨንቀው የውሃው ከፍታ ነው።

«እንግዲያው ጠፍጣፋ ገንዳ ፎቅ ላይ ይሰራ» ብላችሁ ግን እንዳትቸኩሉ። ገንዳው ራሱም ይከብዳል፤ ሰውና ዕቃም አለ። ቤታችሁ ፎቅ ላይ ገንዳ ሊሰራ ከታሰበ፣ ሜትር ይዛችሁ ሦስቱን ልኬቶች ውሰዱ፤ ሊትሩንም ኪሎውንም አስሉ። ከዚያ ቁጥሩን ለመሐንዲስ አሳዩት፤ ወለሉ ይችለው እንደሆነ ውሃ ከመሞላቱ በፊት መታወቅ አለበት።