ለአይቲ ሠራተኛ ዲስክሪት ማትስ ምን ያደርግለታል?

ቀን ቢሮ ውለው ማታ የአይቲ ዲግሪ የሚማሩ ሰዎች ምሬት አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ኔትወርኪንጉ አይከብዳቸውም፤ ኬብል ሲዘረጉና ራውተር ሲያስተካክሉ ነው የሚውሉት። ዳታቤዙንም ሪፖርት በማውጣት ለምደውታል። የሚያስመርራቸው ዲስክሪት ማትስ፣ ዳታ ስትራክቸር፣ ኦፐሬቲንግ ሲስተም፣ ኮምፒውተር ኦርጋናይዜሽን የሚባሉት ናቸው። «ሥራ ላይ የማልጠቀምበትን ለምን እማራለሁ?» የሚለው ጥያቄ የስንፍና አይደለም። ከሥራ ወጥቶ፣ ታክሲ ተሰልፎ፣ ራት ሳይበላ ክፍል የሚገባ ሰው እያንዳንዷን ሰዓት ቢሰስት አይፈረድበትም። እኔ ግን ነገሩን ገልብጬ ነው የማየው፤ ሥራ ላይ ያለ ሰው ዲግሪውን መጨረስ ያለበት በዋናነት ለእነዚሁ ለተጠሉት ኮርሶች ሲል ነው። ሥራው ያስተማረውን ክፍል ውስጥ ቢደግመው የሚጨምርለት ጥቂት ነው። እነዚህን ግን ሥራው ሃያ ዓመት ቢቆይበትም አያስተምረውም፤ ምክንያቱም ሥራ የሚያስተምረው የተበላሸውን ቶሎ ማስነሳትን እንጂ ለምን እንደተበላሸ ማወቅን አይደለም።

በየመሥሪያ ቤቱ ያለ ምሳሌ ልውሰድ። መዝገብ ቤት ያለችው ሠራተኛ «ኃይለ ሥላሴ» ብላ ትፈልጋለች፤ ሲስተሙ የለም ይላታል፤ ባለጉዳዩ ግን ፊቷ ቆሟል። ያኔ የመዘገበው ሰው «ሀይለስላሴ» ብሎ አስገብቶታል። ለጆሯችን አንድ የሆኑት ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ እና ኃ ለኮምፒውተሩ ስድስት የተለያዩ ቁጥሮች ናቸው፤ ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ውስጥ ሲገባ እያንዳንዱ የራሱን ኮድ ይዞ ነው የገባው። በዚህ አንድ ስም ላይ የመጀመሪያው ፊደል በስድስት መንገድ ይጻፋል፤ ሥ በሁለት፣ ሴ በሁለት፤ ስሙ ተያይዞ ወይም ተለያይቶ ሊጻፍ ይችላል። ሲባዛ 48 አጻጻፍ ይወጣዋል። ልምድ ብቻ ያለው የአይቲ ሠራተኛ መልሱ «በሌላ ፊደል ሞክሪው» የሚል ነው። ትንሽ ኮድ የሚሞክረው ደግሞ አማራጮቹን በ«ወይም» እያያያዘ መዘርዘር ይጀምራል፤ ስሙ በተቀየረ ቁጥር እንደገና ይዘረዝራል። ዲስክሪት ማትስ ላይ ኢኩቫለንስ ሪሌሽን የተባለውን ከልቡ የተማረ ሰው ግን ስድስቱ ፊደላት አንድ ክፍል መሆናቸውን ወዲያው ያያል። ከየክፍሉ አንድ ወኪል ይመርጣል፣ ስሙን ሲያስቀምጥም ሲፈልግም ወደ ወኪሉ ቀይሮ ያነጻጽራል፤ ባለቤቱ የሚወደውን አጻጻፍ ሳይነካ ጎን ለጎን ያቆየዋል። መፍትሔው ጥቂት መስመር ኮድ ነው። 48 ቁጥሩም ቢሆን የወጣው እዚያው ኮርስ ላይ ከሚሰጠው የማባዛት ሕግ ነው።

አጭር መልእክትንም እንይ። ለደንበኞቹ በአማርኛ ማስታወቂያ የሚልክ ድርጅት ወጪው ለምን እንደናረ ሲጠይቅ፣ አይቲ ክፍሉ «አማርኛ ይበላል» ብሎ ያልፋል። አንድ አጭር መልእክት የሚይዘው 140 ባይት ነው። የእንግሊዝኛ ፊደል በ7 ቢት ስለሚጻፍ 160 ምልክት ይገባበታል፤ የእኛ ፊደል 16 ቢት ስለሚፈልግ የሚገባው 70 ብቻ ነው። ከዚያ ካለፈ መልእክቱ ይከፈላል፤ ሲከፈል ደግሞ ቁርጥራጮቹን ለማገናኘት ቦታ ስለሚወሰድ በየክፍሉ 67 ይቀራል። በእንግሊዝኛ አንድ መልእክት የሚሆነው 160 ምልክት በግዕዝ ፊደል ሦስት ይሆናል ማለት ነው። (አማርኛ በጥቂት ፊደል ብዙ መናገሩ ትንሽ ያካክሳል።) ይህን የሚያውቅ ሠራተኛ ለአለቃው ማስታወቂያው ከ70 ፊደል እንዳያልፍ ከነምክንያቱ ይነግረዋል። እውቀቱ ያለው ደግሞ «ቢትና ባይት መቁጠር ምን ይሠራል» እየተባለ በሚታለፈው በኮምፒውተር ኦርጋናይዜሽን የመጀመሪያ ሳምንታት ውስጥ ነው።

መጋቢት 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የደረሰው ደግሞ ሁላችንም የምናስታውሰው ነው። ባንኩ ጉዳዩ የሳይበር ጥቃት ሳይሆን ከሲስተም ለውጥ ጋር የተያያዘ እንደሆነ ገልጿል፤ ደንበኞች ሒሳባቸው ላይ ሳይኖራቸው በአንድ ሌሊት ያለአግባብ የወሰዱትም ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ እንደነበር ተነግሯል። ይህን ማንሳቴ ማንንም ለመውቀስ አይደለም። ገንዘብ የሚያንቀሳቅስ ሲስተም ላይ ሒሳቡን ማረጋገጥ፣ መቀነስና ገንዘቡን መስጠት ወይ አብረው ይፈጸማሉ ወይ አንዱም አይፈጸምም። ትራንዛክሽን የሚባለው ሐሳብ ይኸው ነው። ሲስተም ላይ እጁን የሚያስገባ ማንኛውም ሰው ይህን ሕግ ሊያፈርስ የሚችለው ምን ዓይነት ለውጥ እንደሆነ ማወቅ አለበት። በሙከራና በስሕተት የሚማረው ከሆነ ስሕተቱ የሰው ገንዘብ ነው። የሚገርመው፣ ትራንዛክሽን የዳታቤዝ ኮርስ መጨረሻ አካባቢ ስለሚመጣ ክፍለ ጊዜ ሲያጥር ብዙ ጊዜ ተገፍቶ የሚቀረው እሱ ነው።

ሰርተፍኬት ይበቃል የሚሉ አሉ። ለምሳሌ ሐምሌ 2016 የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ፕሮግራም በነፃ፣ በቤት ሆኖ፣ በጥቂት ሳምንት የሚያልቅ ትምህርት ይሰጣል። ሥራ ላይ ላለ ሰው ጥሩ መግቢያ ነው፤ የምከራከርበት ነገር የለኝም። ነገር ግን መሣሪያን የሚያስተምር ወረቀት መሣሪያው ሲቀየር ያረጃል፤ ሰጪዎቹም ይህን ስለሚያውቁ ሲሲኤንኤ እና የኮምፕቲያ ኔትወርክ ፕላስ በየሦስት ዓመቱ እንዲታደሱ ያስገድዳሉ። ከሥር ያለው ግን እንዲህ አያረጅም። የኔትወርክ ሠራተኛው ኦኤስፒኤፍን ሲያዋቅር ራውተሩ ውስጥ አጭሩን መንገድ የሚፈልግለት ዳይክስትራ በ1959 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ስልት ነው። ሪፖርት የሚያወጣበት ዳታቤዝ የቆመው ኤድጋር ኮድ በ1970 እ.ኤ.አ. ባቀረበው ሞዴል ላይ ነው። አምስት ዓመት የማታ ትምህርት የሚከፈልበት ነገር ቢያንስ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የሚያገለግል ሊሆን ይገባል። ኤአይ ኮዱን ይጽፈው የለ ወይ ለሚለው መልሴ አጭር ነው፤ ይጽፋል፣ ግን ሥራ ላይ ሲውል ኃላፊነቱን የሚወስደው ሠራተኛው ነው፤ ማንበብ በማይችለው ውል ላይ እንደሚፈርም ሰው እንዳይሆን።

ከሁሉም የሚከብደኝ ተቃውሞ ሌላ ነው። «የምትለው ዲግሪ እና የሚሰጠው ዲግሪ አይገናኙም፤ በሃንድአውት ተጠንቶ፣ ሲኒየር ፕሮጀክቱ ተገዝቶ የሚመረቅበት አገር ነው» ይባላል። ይህ እውነትነት አለው። የመውጫ ፈተናው ሐምሌ 2015 ለመጀመሪያ ጊዜ በስፋት ሲሰጥ ከ150 ሺህ በላይ ተፈታኝ ተቀምጦ 50 ከመቶና በላይ ያመጣው 40.65 በመቶው ነበር፤ ከመንግሥት ተቋማት 62 በመቶ ገደማ ሲያልፍ ከግሎቹ ያለፈው 17 በመቶ ገደማ ነው። ቁጥሩ ሁሉንም የትምህርት ዘርፍ የያዘ፣ የማታውንም የቀኑንም የቀላቀለ ስለሆነ የማታ ተማሪ ደካማ ነው ማለት አያስችልም። የሚያሳየው ትራንስክሪፕት ላይ ያለው ውጤትና ጭንቅላት ውስጥ ያለው እውቀት ምን ያህል ሊራራቁ እንደሚችሉ ነው። ታዲያ ከዚህ የሚከተለው ዲግሪውን መተው አይመስለኝም። ያለዚህ ፈተና ዲግሪ ስለማይሰጥ፣ በየሴሚስተሩ የተዘለለው ሁሉ መጨረሻ ላይ ተከምሮ ይመጣል፤ ቀን ሥራ የሚውል ሰው ደግሞ አራትና አምስት ዓመት የሸሸውን በአንድ ወር ሸምድዶ የሚወጣበት ጊዜ የለውም። የቀኑ ተማሪ ምናልባት ይኖረው ይሆናል።

ስለዚህ ሰዓቱ ከተሰሰተ፣ የሚሰሰተው ከየትኛው ላይ እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል። ደረጃ 4 ጨርሶ የመጣና ኔትወርክ ላይ የሚሠራ ሰው የኔትወርኪንግ መግቢያውን በእጁ ባለው እውቀት ይወጣው፤ የተረፈውን የቅዳሜ ጠዋት ለዳታ ስትራክቸር ይስጠው። ሁለት ከባድ የቲዎሪ ኮርስ አንድ ሴሚስተር ላይ ከተደራረቡ አንዱን ማሳለፍ ምርቃቱን ቢያዘገይም አይከፋኝም፤ ሥራ ያለው ሰው ከቀኑ ተማሪ የሚበልጥበት አንድ ነገር ቢኖር ለመመረቅ የማያስቸኩለው ደመወዝ በእጁ መኖሩ ነው። (ቤተሰብ «መቼ ነው የምትጨርሰው?» እያለ መጠየቁ አይቀርም።)

ሲኒየር ፕሮጀክቱን ደግሞ ከገበያ ከመግዛት ከቢሮ ማምጣት ይሻላል፤ የማታ ተማሪ ርዕስ አያጣም፣ ቀኑን ሙሉ ሲያማርርበት የሚውለው ችግር ርዕስ ነው። የባለጉዳዮችን መዝገብ ገልብጦ ይዞ መምጣት ግን አይቻልም፤ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 አለ፣ ባይኖርም ነውር ነው። የሙከራ መዝገቡን ራሱ ይፍጠር። አንድ ሺህ የፈጠራ ስም ያስገባ፤ ዓለሙን፣ አለሙን እና ዐለሙን፣ ፀሐይን፣ ጸሀይን እና ፀሃይን ቀላቅሎ። አማካሪው አንዱን ብቻ ሲጽፉ ሦስቱም እንዲወጡ ማድረግና ለምን እንደወጡ ሰሌዳው ላይ ማስረዳት ለአንድ ሴሚስተር የሚበቃ ሥራ ነው።