ታብሌቱ መጥቷል፤ ሥልጠናውስ?

ስለ ጤና ባለሙያዎች የዲጂታል ሥልጠና ሲነሳ በሰሜን ጎንደር ደጋ ቀድማ የምትመጣው ጥያቄ «ኔትወርክ በሌለበት ታብሌት ምን ይሠራል?» የምትለዋ ናት። የጃናሞራንና የበየዳን ወረዳዎች ለሚያውቅ አትገርምም። ግን ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች የተዘረጋው የኤሌክትሮኒክ የማኅበረሰብ ጤና መረጃ ሥርዓት ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል። ባለሙያዋ የነፍሰ ጡሯን ክትትል እዚያው በእናትየዋ ቤት ትመዘግባለች፤ መረጃው ታብሌቱ ላይ ቆይቶ ኔትወርክ ሲገኝ ይላካል። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል እንደሆነው የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ የሚቆመው መላኩ እንጂ መመዝገቡ አይደለም። አደጋው ሌላ ነው፦ ሳይላክ የከረመ መረጃ ታብሌቱ ከጠፋ አብሮ ይጠፋል። ሥልጠና ማስተማር ያለበት ይህን ነው።

«ኮምፒውተር አይሳሳትም» የሚሉም አሉ። የተሰጠውን ይቀበላል እንጂ!

የጤና ጣቢያ ወርኃዊ ሪፖርት ከወሩ 21 እስከ ቀጣዩ ወር 20 ያለውን ሥራ ይይዛል። የወሊድ መዝገቡ ላይ 14 እናቶች ተጽፈው ሪፖርቱ 17 ቢል፣ በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የተሠራውና አገሪቱ የምትጠቀምበት የጤና መረጃ ሥርዓት፣ ዲኤችአይኤስ 2፣ ያንኑ 17 ያስተላልፋል። ስህተቱን የሚይዘው ሰው ነው፦ 12 የሪፖርት ቁጥሮች በዕጣ ይወጣሉ፣ ከመዝገቡ አንድ በአንድ ይቆጠራሉ፣ ከተላከው ጋር ይመሳከራሉ። ለዚህ እርሳስና ትዕግሥት ይበቃል።

ወጣቶቹ ስልክ ስለለመዱ ሥልጠና አያሻቸውም የሚባለውም አያስኬድም። ቴሌግራም መክፈትና የክትባት ሽፋን ለምን እንደወረደ ከሠንጠረዥ ማንበብ ለየቅል ናቸው።

ከሁሉም ሥር የሰደደው እምነት ግን የጥቂት ቀን የአዳራሽ ሥልጠና ይበቃል የሚለው ነው። ጎንደር ይህን ልታምን አይገባትም ነበር። በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና ሳኒታሪያኖችን ያወጣው በቡድን ገጠር ጤና ጣቢያ አውርዶ፣ ከሕዝቡ መሀል እያሠራ ነው። የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲም ከጤና ሚኒስቴር ጋር በሚሠራው የአቅም ግንባታ ሥራ መምህራኑን ወደ ወረዳዎች ይልካል፤ ባለሙያው በራሱ መዝገብ፣ በራሱ ሪፖርት ላይ ይታገዛል።

«ታብሌት ሥራ ያቀላል» የሚለው ግማሹ እውነት ነው። በወረቀት የሚሞላው የቤተሰብ ፎልደር ካልቀረ ባለሙያዋ አንዱን ጉብኝት ሁለቴ ትጽፋለች፤ ይህን ደግሞ የትኛውም ሥልጠና አይፈታውም፣ የኃላፊ ውሳኔ ይፈልጋል። ለሥልጠና በጀት የሚይዝ ወረዳ ከአዳራሽ ኪራይና ከአበል አስቀድሞ ለድጋፍ ጉብኝት ነዳጅ፣ ለጤና ኬላው ደግሞ ቻርጅ የሚያደርግ ሶላር ይያዝ።