የሦስት ደረጃ ዋጋ

እግሩ ጤነኛ የሆነ ሰው ሦስት ደረጃን ሞባይሉን እያየ ይወጣል፤ ከወጣ በኋላ ስንት እንደነበሩ ቢጠይቁት አያስታውስም። በዊልቸር ለሚሄድ ሰው ግን ሦስት ደረጃና ሦስት መቶ ደረጃ አንድ ናቸው። ካናዳ እንዲህ ያሉ ደረጃዎችን ከሰው መንገድ ላይ ለማንሳት የመንግሥት ፈንድ አቋቁማለች። «ኢኔብሊንግ አክሰሲቢሊቲ ፈንድ» ይባላል፤ «ተደራሽነትን የማስቻያ ፈንድ» እንደማለት ነው።

ፈንዱ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ2007 በጀት ሲሆን ለ3 ዓመት 45 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር ተመደበለት። በጀቱን ያቀረቡት የያኔው የገንዘብ ሚኒስትር ጂም ፍላኸርቲ ከልጆቻቸው አንዱ አካል ጉዳተኛ ስለሆነ ነገሩን የሚያውቁት ከቤታቸው ነበር። ከመጀመሪያዎቹ ትልልቅ ድጎማዎች አንዱ፣ 15 ሚሊዮን ዶላር፣ የሄደው ዊትቢ በተባለች ከተማ ለተሠራው «አቢሊቲስ ሴንተር» ለተባለ የስፖርትና የማኅበረሰብ ማዕከል ነበር። ዊትቢ ደግሞ የሚኒስትሩ የምርጫ ክልል ነበረች። ይህ ብዙ አነጋገረ፤ እንዴትስ አያነጋግር? ማዕከሉ ግን በ2012 በሩን ከፈተ። ለጊዜው ተብሎ የተጀመረውም ፈንድ በ2013 በጀት በየዓመቱ 15 ሚሊዮን ዶላር ተቆርጦለት ቋሚ ሆነ። በ2021 ለ2 ዓመት የሚሆን ሌላ 100 ሚሊዮን ተጨመረበት። በአገሪቱ በ2022 በተደረገ ጥናት ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑ ሰዎች 27 በመቶው፣ 8 ሚሊዮን ያህሉ፣ ቢያንስ አንድ የአካል ጉዳት እንዳለባቸው ተመዝግቧል። ይህን ያየ ሰው ገንዘቡ በዛ ለማለት አፉ አይደፍርም።

ከሌላው የእርዳታ ዓይነት የሚለየው ገንዘቡ ለሰው ሳይሆን ለሕንፃ መሰጠቱ ነው። አካል ጉዳተኛው ራሱ አያመለክትም፤ የሚያመለክተው ሕንፃውን የያዘው ድርጅት ነው። ለትርፍ ያልቆሙ ማኅበራት፣ የንግድ ድርጅቶች፣ ትንንሽ ማዘጋጃ ቤቶች፣ የነባር ሕዝቦች ድርጅቶች ሊጠይቁ ይችላሉ። እኔ ይህን አካሄድ የምወደው ጥፋቱን ከሰውየው እግር ላይ አንስቶ ደረጃው ላይ ስለሚያደርገው ነው። ገንዘቡ ለራምፕ፣ ቁልፍ ሲጫኑት ለሚከፈት በር፣ ለሊፍት፣ ለሰፊ መጸዳጃ ቤት፣ ለሕፃናት መጫወቻ ሜዳ ይውላል። ከ15 እስከ 30 ዓመት ያሉ ወጣቶች በሰፈራቸው ያዩትን መሰናክል ጠቁመው እስከ 10 ሺህ ዶላር የሚያስገኙበት አነስተኛ ዘርፍም ተከፍቶ ነበር።

ራምፕ ሲባል ብዙ ሰው በአንድ ቀን የሚፈስ ዘንበል ያለ ሲሚንቶ ይመስለዋል። የካናዳ የሕንፃ ኮድ ግን 1 ለ12 ይላል፤ ለእያንዳንዱ 1 ሴንቲ ሜትር ከፍታ 12 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያስፈልጋል ማለት ነው። እያንዳንዳቸው 18 ሴንቲ ሜትር የሆኑ ሦስት ደረጃዎች 54 ሴንቲ ሜትር ይሆናሉ። በ12 ሲባዛ ስድስት ሜትር ተኩል ገደማ ይመጣል። ከዚህ ካጠረ ከልክ ያለፈ ዳገት ይሆናል፤ ብዙ ሰው በገዛ ክንዱ ሊወጣው ይቸገራል፣ ሲወርድም ዊልቸሩ ሊያመልጠው ይችላል። ከላይ በሩ ፊት ደግሞ ለጥ ያለ ማረፊያ ያስፈልጋል፤ በሩ ወደ ውጭ ሲከፈት ሰውየውን ገፍቶ ወደ ኋላ እንዳይሰደው። ይህ ሁሉ ከተሟላ በኋላ በሩ ጠቦ አላስገባ የሚልበት ጊዜም አለ። የሦስት ደረጃ ዋጋ ብዙ ሺህ ዶላር የሚደርሰው በዚህ ምክንያት ነው።

ፈንዱ ከሚደግፈው ውስጥ ለዓይን የማይታይ ሥራም አለ። በአዳራሽ ዙሪያ ከወለል ሥር የሚዘረጋ ሽቦ ከድምፅ ማጉያው የሚመጣውን ድምፅ ወደ መግነጢሳዊ መስክ ይለውጠዋል። የማዳመጫ መሣሪያ ያደረጉ አዛውንትም ሳሉን፣ ወንበር መጎተቱን፣ የሕፃናቱን ጩኸት ትቶ የሰባኪው ቃል ብቻ በቀጥታ ጆሯቸው ይገባል። በመሣሪያቸው ውስጥ መስኩን የሚቀበል ትንሽ ጥቅል ሽቦ መኖር አለበት እንጂ፣ ሌላ መሣሪያ አይጠየቁም።

ነገሩ ግን ሁሉም የሚያገኘው አይደለም። ውድድር ነው፤ በየዙሩ ጥሪ ይወጣል፣ ቀነ ገደቡ ካለፈ አለፈ። በአንዳንድ ዙር አመልካቹ ከወጪው 35 በመቶውን ከሌላ ምንጭ እንዲሸፍን ይጠየቅ ነበር። ቅጹን አሳምሮ የሚሞላ ጸሐፊ ያለው ድርጅት ያገኛል፤ የሌለው፣ ችግሩ ቢብስበትም፣ በሩ ላይ ይቀራል። ከመንግሥት ጋር መጻጻፍ ልማዳቸው ያልሆነ የስደተኛ ማኅበራት የሚጎዱት እዚህ ላይ ነው።

ኢትዮጵያውያን በብዛት የሚኖሩባትን ቶሮንቶን ያስቡ። መጀመሪያ በጉልበት ዘመናቸው የመጡት አሁን በከዘራና በዊልቸር ይሄዳሉ። አሮጌ ሕንፃ የገዛ አጥቢያ ወይም የማኅበር አዳራሽ ካለ፣ የእሑድ ጠዋቱን ነገር መገመት አይከብድም፤ ሁለት ጎረምሶች አንድ አዛውንት አባትን ከነወንበራቸው አንስተው ያስገባሉ። አባትም «እግዜር ይስጥልኝ ልጆቼ» ይላሉ። ምርቃቱ እውነት ነው። ግን ልጆቹ የሥራ ተራ በደረሰባቸው እሑድ አባትም ቤት ይውላሉ፤ «አመመኝ» ይሉ ይሆናል እንጂ የሚሸከመኝ አጣሁ አይሉም።

አገር ቤትም ሕጉ አለ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 አንቀጽ 36 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ ዊልቸር የሚጠቀሙትንና መራመድ ችለው ደረጃ የማይወጡትን የሚያስገባ መንገድ ይኑረው ብሎ ደንግጓል። መራመድ ችሎ ደረጃ አለመውጣትን ለይቶ ማስቀመጡ ሁልጊዜ ይገርመኛል፤ የጉልበት ሕመም ያለባቸውን እናቶች ያየ ሰው የጻፈው ይመስላል። መንገዱ ሲኬድ ግን ራምፕ የተባለው በግማሽ ሜትር ላይ ከፍታውን ሁሉ የሚጨርስ፣ ወይም ከጓሮ ከቆሻሻ ገንዳው አጠገብ የተሠራ ሆኖ ይገኛል። እንግዳ በጓሮ አይገባም።

ወደ ቶሮንቶ ስንመለስ፣ ለአጥቢያው ወይም ለማኅበሩ የፈንዱን ማመልከቻ እንዲጽፍ የተመረጠ ወጣት ኮምፒውተሩን ሳይከፍት ሜትር ይዞ ወደ ዋናው በር ይሂድ። ደረጃዎቹን ይቁጠር፣ የአንዱን ከፍታ ይለካ፣ ድምሩን በ12 ያባዛ። ውጤቱ ከበሩ እስከ እግረኛ መንገዱ ካለው ርቀት ከበለጠ ራምፑ መታጠፍ አለበት፤ ለመታጠፊያውም ዊልቸር እንደልብ የሚዞርበት ለጥ ያለ ቦታ ይፈለጋል። ያም ከጠፋ የሚጠየቀው ሊፍት ነው፤ የማመልከቻው ገንዘብም ያኔ ሌላ ይሆናል።