«የዘር ነው» የምትለዋ ወሬ

ለቅሶ ቤት ጥግ ላይ በሹክሹክታ የምትነገር ወሬ አለች፦ «እነሱ ቤት እኮ የዘር ነው፤ አጎቱም ራሱን ነው ያጠፋው።» ይቺን የሰማ ታናሽ ወንድም «ቀጣዩ እኔ እሆን?» እያለ ሊኖር ይችላል። ለዚህ ነው ሳይንሱ ምን እንደሚል ያነበብኩት። ወሬዋ ግማሽ እውነት አላት፤ የምትጎዳውም በዚያው ግማሽ ነው።

ራስን ማጥፋት በአንዳንድ ቤተሰቦች እንደሚደጋገም ይታወቃል። ግን አብሮ የሚኖር ቤተሰብ የሚጋራው ደም ብቻ ነው እንዴ? ችግሩንም፣ ሐዘኑንም፣ የአባትን ቁጣም ይጋራል። ሁለቱን ለመለየት የዴንማርክ መዝገብ ጠቀመ። እ.ኤ.አ. በ1979 በወጣ ጥናት፣ ራሳቸውን ካጠፉ 57 የማደጎ ልጆች 269 የሥጋ ዘመዶች መካከል 12ቱ በተመሳሳይ መንገድ ሞተዋል። ለማነጻጸሪያ ከተያዙት የሌሎች ማደጎዎች 269 የሥጋ ዘመዶች ግን 2 ብቻ። ከአሳዳጊዎቹ ወገን አንድም አልተገኘም።

ስለዚህ ደም ድርሻ አለው። ሆኖም ቁጥሩን ገልብጣችሁ እዩት፤ ከ269ኙ 257ቱ ራሳቸውን አላጠፉም! «ራስን የማጥፋት ጂን» የሚባል ነገርም የለም። ያሉት እያንዳንዳቸው ጥቂት ብቻ የሚገፉ ብዙ ጂኖች ናቸው፤ ብዙዎቹም ከድባቴና ከሌሎች የአእምሮ ሕመሞች ጋር የሚጋሩ።

እኔን ይበልጥ የያዘኝ ኤፒጄኔቲክስ ነው። ጂኑ ራሱ ሳይለወጥ ሥራው ሊቀንስ ይችላል፤ ስልካችሁ ላይ ተጭኖ ድምፁ እንደተዘጋ አፕ በሉት። የሚዘጋው ሜቲል የሚባል ትንሽ ኬሚካል ዲኤንኤው ላይ ሲለጠፍ ነው። በካናዳ የማክጊል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2009 የ36 ሟቾችን አንጎል አነጻጸሩ፦ 12ቱ ራሳቸውን ያጠፉና በልጅነታቸው ጥቃት የደረሰባቸው፣ 12ቱ ራሳቸውን ያጠፉ ግን ጥቃት ያልደረሰባቸው፣ 12ቱ በሌላ ምክንያት የሞቱ። የጭንቀት ሆርሞን የሆነውን ኮርቲሶልን ለመግታት የሚያግዘው ጂን ላይ ሜቲል በዝቶ የተገኘው በመጀመሪያዎቹ ላይ ነው። ፍሬኑ የላላ መኪና በሉት፤ ጭንቀቱ አንዴ ከተነሳ ቶሎ አይቆምም።

36 ሰው ትንሽ ነው፤ በዚህ ብቻ መማል አይቻልም። ቢሆንም «የዘር ነው» ከሚሉት ውስጥ የተወሰነው ልጅ ላይ ያረፈ ዱላ ሊሆን እንደሚችል ያሳያል። «ሳይገረፍ ያደገ ልጅ» እያልን ስንቀልድ ይሄ ትዝ ይለኛል።

የቤተሰብ ታሪኩ ለሐኪም ይጠቅማል። ስኳርና ግፊት በዘራችሁ ካለ ትናገሩ የለ? ይሄንንም እንደዚያው ንገሩ፤ ድባቴው ቀድሞ ከታከመ አደጋው ይቀንሳል። ሐሳቡ አሁን እየመጣባችሁ ከሆነ ግን ቀጠሮ አትጠብቁ፤ ዛሬውኑ ለምታምኑት ሰው ተናገሩ፣ አብሯችሁም ቅርብ ወዳለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይሂድ።