ከመሬት የሚመጣ ብርድ፦ የተራራ አዳኝ የመኝታና የመጠለያ ምርጫ

በአሜሪካ ኮሎራዶ ግዛት፣ በሮኪ ተራሮች፣ ኤልክ የተባለውን ባለ ትልቅ ቀንድ የዱር እንስሳ በጠመንጃ ለማደን ፈቃድ የሚሰጠው በዋናነት በጥቅምትና በኅዳር ወራት ነው። በዚህ ወቅት ከመኪና መንገድ ርቀው የሚያድኑ ሰዎች ከ2,500 እስከ 3,500 ሜትር ከፍታ ባለው ደን ውስጥ ሌሊቶችን የሚያሳልፉ ሲሆን፣ ቀኑን በፀሐይ ሲሞቅ የዋለው ሸንተረር ሌሊት በረዶ ለብሶ ሊያድር ይችላል። የአየር ሙቀት በአማካይ በየ1,000 ሜትሩ ሽቅብ 6.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ስለሚቀንስ፣ 1,600 ሜትር ላይ ላለችው ለዴንቨር የተነገረው ትንበያ 3,000 ሜትር ላይ ለሚያድር ሰው በ9 ዲግሪ ገደማ ያነሰ ሙቀት ማለት ነው። በዴንቨርና በአጎራባቿ በኦሮራ የሚኖሩት በርካታ ኢትዮጵያውያንም ወደ ተራራው ሲወጡ ይህን ልዩነት ማስላት ይኖርባቸዋል።

ብዙ ሰዎች ገንዘባቸውን አስቀድመው የሚያወጡት በተለምዶ ስሊፒንግ ባግ ለሚባለው የመኝታ ከረጢት ነው፤ ይህ ግን ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ነው። የከረጢቱ ሙሌት ሙቀትን የሚያግደው በውስጡ አየርን አፍኖ በማቆየት ሲሆን፣ ከተኛው ሰው ሥር ያለው ክፍል በሰውነት ክብደት ተጨፍልቆ አየሩን ስለሚያጣ፣ ቀዝቃዛው መሬት ሙቀትን በንክኪ ሌሊቱን ሙሉ ይስባል። በኢትዮጵያ ደጋ ሰዎች ከመልበሳቸው አስቀድመው በመደብ ላይ ጀንዲ ወይም ቁርበት የሚያነጥፉት ይህንኑ ብርድ ለመከላከል ነው። ለአዳኙ ይህን ሥራ የሚሠራው ፍራሽ፣ ሙቀት እንዳያልፍ የመከላከል አቅሙ አር ቫልዩ በተባለ ቁጥር ይገለጻል፤ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን የመከላከል አቅሙም ከፍ ይላል። ቀደም ሲል እያንዳንዱ ፋብሪካ በራሱ መንገድ ይለካ ስለነበር ቁጥሮቹን ማወዳደር አስቸጋሪ የነበረ ሲሆን፣ ኤኤስቲኤም የተባለው የደረጃ አውጪ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 አንድ ወጥ የመለኪያ ዘዴ ካወጣ ወዲህ ገዢው የተሻለ ማነጻጸሪያ አግኝቷል። ለመጸው ወቅት ከ4 እስከ 5፣ በበረዶ ላይ ለሚያድር ደግሞ ወደ 6 የሚጠጋ ቁጥር ተገቢ ነው። ቁጥሮቹ የሚደመሩ በመሆናቸው፣ 2 የሆነ የስፖንጅ ፍራሽ ከሥር አንጥፎ 4 የሆነውን በአየር የሚነፋ ፍራሽ በላዩ ማድረግ 6 ያስገኛል፤ የሚነፋው በእሾህ ቢቀደድ እንኳ ስፖንጁ አዳኙን ባዶ መሬት ላይ አይጥለውም።

ከረጢቱ ላይ የሚጻፈው የዲግሪ ቁጥርም ማብራሪያ ይፈልጋል። አይኤስኦ 23537 በተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ መሠረት፣ ሙቀት የሚሰጥ የሰው ቅርጽ በቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ሙቀት በሚያግድ ፍራሽ ላይ ተኝቶ ከተለካ በኋላ ሦስት ቁጥሮች ይወጣሉ። የመጀመሪያው አንዲት ሴት ዘና ብላ ተኝታ የማይበርዳት የምቾት ልክ፣ ሁለተኛው አንድ ወንድ ተኮማትሮ የሚችለው ወሰን፣ ሦስተኛው ደግሞ በሕይወት መትረፍን ብቻ የሚመለከት እጅግ አደገኛ ልክ ነው። በከረጢቱ ስም ላይ ጎልቶ የሚታተመው ብዙ ጊዜ ሁለተኛው ስለሆነ፣ ገዢው የምቾቱን ቁጥር ፈልጎ ማንበብ አለበት። ፈተናው ፍራሽን ታሳቢ ያደረገ ነውና፣ በቀጭን ፍራሽ ላይ የሚተኛ ሰው የተጻፈለትን ሙቀት አያገኝም።

ሙሌቱ የዝይ ወይም የዳክዬ ለስላሳ የውስጥ ላባ፣ አለዚያም ሰው ሠራሽ ፋይበር ነው። ላባው በክብደቱ ልክ የሚወዳደረው የለም፤ 800 የሚል ደረጃ ያለው ላባ 28 ግራሙ ብቻ 13 ሊትር ያህል ቦታ ይሞላል፤ ሲረጥብ ግን ተጣብቆ ሙቀት የማገድ አቅሙን ያጣል። ሰው ሠራሹ ይከብዳል፣ ቦታም ይይዛል፤ ቢረጥብ ግን ሙቀት የማገድ አቅሙን ሙሉ በሙሉ አያጣም። ስለዚህ የዚህ ምርጫ መልስ ያለው በመጠለያው ላይ ነው፤ ድንኳን ውስጥ ምድጃ ያለው ሰው በትንፋሽ የረጠበ ላባን ማድረቅ ስለሚችል ላባን ቢመርጥ ያዋጣዋል፣ ምድጃ የሌለው ደግሞ እርጥብ በረዶ በሚጥልበት ሳምንት ሰው ሠራሹን ቢይዝ ይሻለዋል።

በድንኳን ውስጥ እሳት ማንደድን የሰሜን አሜሪካ ሜዳ ሕዝቦች፣ ከእነርሱም ላኮታና ሻያን፣ በጎሽ ቆዳ በተሠራው ቲፒ ለረጅም ዘመን ሲጠቀሙበት ቆይተዋል፤ በውስጡ የሚዘረጋው ሁለተኛ ሽፋን ነፋሱን ከተኙት ሰዎች እየከለለ፣ ከሥር የሚገባውን አየር ወደ ላይ በመምራት ጢሱን በአናቱ ያስወጣል። የአሜሪካ ጦር መኮንን ሄንሪ ሆፕኪንስ ሲብሊም ከዚህ ቅርጽ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1856 የሾጣጣ ድንኳን የባለቤትነት መብት አግኝቷል። ዛሬ አዳኞች የሚሸከሙት ወለል የሌለው ቀላል ድንኳንና ከስስ ቲታኒየም የተሠራ የእንጨት ምድጃ የዚሁ ዘር ነው። ሆኖም ትንሹ ምድጃ እንጨቱን ቶሎ ስለሚጨርስ፣ ሙቀቱ ለማታና ለንጋት እንጂ ለሌሊቱ አይበቃም፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከእሳት የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የሌለው ገዳይ ጋዝ በመሆኑ፣ የአየር መግቢያው ክፍት መሆን፣ ከመተኛት በፊትም እሳቱ መጥፋት አለበት። የአየሩ መግቢያ ሌላም ጥቅም አለው፤ የትንፋሽ እንፋሎት በድንኳኑ ግድግዳ ላይ በርዶ በመኝታው ላይ እንዳይንጠባጠብ ያደርጋል።

ድንኳኑ የሚተከልበት ቦታም ልዩነት ያመጣል። ቀዝቃዛ አየር ከባድ በመሆኑ ሌሊት ወደ ሸለቆ ይወርዳል፤ የኮሎራዶዋ ጋኒሰን ከተማ በብርዷ የታወቀችውም አየሩ በሸለቆዋ ስለሚተኛ ነው። ስለዚህ ከሸለቆው ወለል ጥቂት ከፍ ብሎ፣ ከነፋስ ተጠልሎ መስፈር የተሻለ ነው። በግዛቲቱ ደኖች በጥንዚዛ ተበልተው የቆሙ ደረቅ ጥዶች ብዙ ስለሆኑ፣ በእነርሱ ሥር ድንኳን መትከል በነፋሻ ሌሊት ለሞት ሊዳርግ ይችላል።

አዳኙን ከተራራ ወጪው የሚለየው የመመለሻው ሸክም ነው። የአንድ ትልቅ ወንድ ኤልክ ሥጋ ከአጥንቱ ተለይቶ እንኳ ወደ 100 ኪሎ ሊጠጋ የሚችል ሲሆን፣ የሚበላውን ሥጋ ጥሎ መሄድ በግዛቲቱ ሕግ ክልክል ነው። በዚህ ምክንያት ምድጃና ድንኳን ከጓደኛ ጋር መካፈል፣ ትርፍ ልብስን መቀነስ፣ ምግብ ማብሰያን ማሳነስ ሁሉ የሚቻል ነው፤ ከሥር የሚነጠፈው ፍራሽና ለሌሊት ብቻ የሚለበሰው ደረቅ የሱፍ ልብስ ግን ክብደትን ለማቅለል ተብሎ ከሚቀሩት ዕቃዎች መካከል ሊሆኑ አይገባም።