ላስቲክ ቤት በበጋ

ግሪንሃውስ ከብረት ቱቦ ወይም ከባሕር ዛፍ እንጨት ይቆማል፣ ላስቲክ ይለብሳል፣ ቲማቲም ወይም ጽጌረዳ ይተከልበታል። ስለ አሠራሩ ከዚህ በላይ አልደክምም፤ እኔን የሚከነክነኝ ስለ ሙቀቱ የሚነገረው ተረት ነው።

ትምህርት ቤት የተማርነው እንዲህ ነበር፦ ብርሃን በመስታወቱ አልፎ አፈሩን ያሞቃል፤ አፈሩ መልሶ የሚሰደው የማይታይ የሙቀት ጨረር ግን መስታወቱን ማለፍ ተስኖት ውስጥ ይቀራል። አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ሮበርት ዉድ ይህ አልተዋጠለትም። እ.ኤ.አ. በ1909 ሁለት ሳጥኖችን ወስዶ አንዱን በመስታወት፣ ሌላውን ደግሞ ከማዕድን ጨው በተሠራ ጥርት ያለ ገበታ ከደነ። እንዲህ ያለው ጨው የሙቀት ጨረርን እንደ ልብ ያሳልፋል። ስለዚህ ትምህርቱ እውነት ቢሆን ኖሮ የጨው ክዳን ያለው ሳጥን ወደ ኋላ መቅረት ነበረበት። የፀሐይዋ ብርሃን ለሁለቱም አስቀድሞ በሌላ መስታወት እንዲያልፍ አድርጎ ሲለካቸው ግን ሁለቱም 55 ዲግሪ አካባቢ ደረሱ፤ ልዩነታቸው አንድ ዲግሪ እንኳ አልሞላም። ሳጥኖቹን ያጋላቸው የሞቀው አየር መውጫ ማጣቱ ነበር። ጨረሩ ከነጭራሹ ድርሻ የለውም አልልም፤ ተራው ሌሊት ላይ ይመጣል። ቀን ግን ጉዳዩ የታሰረ አየር ነው።

የታሰረው አየር ምን ያህል ሙቀት እንደሚሸከም እናስላ። በጠራ ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ፣ አንድ ካሬ ሜትር መሬት 1,000 ዋት ያህል የፀሐይ ጉልበት ያገኛል። ስፋቱ 8፣ ርዝመቱ 30 ሜትር በሆነ ቤት ላስቲኩ 80 በመቶውን ቢያሳልፍ 190 ኪሎዋት ገደማ ይገባል። ይህም ከሃምሳ በላይ የኤሌክትሪክ ምጣድ በአንድ አዳራሽ አግሎ እንደመቀመጥ ነው። ከዚህ በኋላ «በሩን ከፍቼዋለሁ» የሚል ሰው ምን ይባላል? የሞቀ አየር ወደ ላይ ነው የሚሄደው፤ መውጫው ጣሪያው ጫፍ ላይ፣ መግቢያው በጎንና በጎን ዝቅ ብሎ መሆን አለበት። የመክፈቻዎቹ ስፋት ተደምሮ የወለሉን አንድ አምስተኛ ያህል ቢሆን መልካም ነው።

ሞጆ አካባቢ አንድ ታታሪ ገበሬ የጣሪያውን መክፈቻ በሚያዝያ ሐሩር ጥርቅም አድርገው ዘግተው አገኘኋቸው። «ጋሼ፣ ምነው ዘጉት?» ብላቸው «አቧራ ይገባል፣ ልጄ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ቲማቲሙ ላይ አቧራ አልነበረም። አበባም አልነበረም፣ ረግፎ አልቋል። ቀኑ ከ32 ዲግሪ ሲያልፍ የቲማቲም ወንዴ ዘር ይደክማል፤ አበባው ፍሬ ሳይቋጥር ይወድቃል።

የጥላ መረብ የሚዘረጉ ሰዎች ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከውስጥ ይሰቅሉታል፤ ከነፋስ ይጠበቃል፣ ለማሰርም ይቀላል። ግን ብርሃኑ ላስቲኩን ካለፈና መረቡን ካጋለ በኋላ ሙቀቱ ቤት ገብቷል። ከላስቲኩ በላይ፣ ትንሽ ክፍተት ተትቶ ይዘርጋ። ግማሹን ብርሃን የሚከለክል መረብም ለቲማቲም ረሃብ ነው፤ 30 በመቶ የሚያጠላው ብዙ ጊዜ ይበቃል። መረብ የተወደደበት ላስቲኩን ኖራ ይቀባ፤ ሰኔ ሲገባ ግን ይጠበው! ኖራውን ረስቶ ክረምቱን በሙሉ «ተክሌ ቀጠነ፣ ተመዘዘ» የሚል ሰው አያሳዝነኝም።

በአገራችን በጋ ሐሩር ብቻ አይደለም። ከኅዳር እስከ ጥር፣ ሆለታም ሆነ ደብረ ብርሃን፣ ቀን የሚያቃጥለው ሰማይ ሌሊት ቁር ያወርዳል። እዚህ ላይ ነው የዉድ ጨው የሚመለሰው፦ ተራ የፖሊኢትሊን ላስቲክ ከመስታወት ይልቅ ለዚያ ጨው ይቀርባል፣ የሙቀት ጨረርን ያሳልፋል። ደመናም ነፋስም በሌለበት ሌሊት ላስቲክ ቤቱ ውስጥ ከደጅ ይልቅ ሊበርድ ይችላል። ብዙ ገዢ ግን ሱቅ ገብቶ የሚጠይቀው ውፍረቱን ብቻ ነው፤ «200 ማይክሮን ነው?» ይላል፣ ይከፍላል፣ ይሄዳል። ጨረር የሚያግድ ቅመም የገባበት ላስቲክ አለ፣ እሱን ይጠይቅ። የሌለው ሰው ማታ ማታ ከተክሉ በላይ ሁለተኛ ስስ መጋረጃ ይሳብ፤ መክፈቻዎቹንም ፀሐይ ከመጥለቋ ቀደም ብሎ ይዝጋ። ጠዋት መጋረጃውን ሰብስቦ ጣሪያውን ቶሎ ካልከፈተ ግን ሌሊቱን የተጠራቀመው ጤዛ ቅጠሉ ላይ ይንጠባጠባል፣ ግራጫ ሻጋታም ይከተላል።