በገመድ አልባ ኔትወርክ ካርዶች ፈርምዌር ላይ የሚገኙ የደህንነት ክፍተቶችና የመሥሪያ ቤቶች ኃላፊነት

በመሥሪያ ቤቶች ግድግዳና ወለል ላይ ተዘርግቶ ይታይ የነበረው የኔትወርክ ገመድ በብዙ ቢሮዎች ስፍራውን ለገመድ አልባ ግንኙነት ለቅቋል። ላፕቶፑ፣ ስልኩ፣ ማተሚያ መሣሪያው፣ የስብሰባ አዳራሹ ስክሪን ሳይቀር በዋይፋይ ይገናኛሉ። የመረጃ ደህንነት ጥበቃው በአብዛኛው የሚያተኩረው ግን በጠንካራ የይለፍ ቃልና በፀረ ቫይረስ ላይ ነው። ሁለቱም አስፈላጊ ናቸው። ይሁን እንጂ ሁለቱም የማይደርሱበት አንድ ክፍል በእያንዳንዱ መሣሪያ ውስጥ ይገኛል፤ እርሱም የገመድ አልባ ኔትወርክ ካርዱና ካርዱን የሚያንቀሳቅሰው ፈርምዌር የተሰኘ ፕሮግራም ነው።

የዋይፋይ ካርድ የሬዲዮ ሞገድ ተቀብሎ የሚያስተላልፍ ዕቃ ብቻ ተደርጎ ይታያል። በተግባር ግን የራሱ ፕሮሰሰር፣ የራሱ ማኅደረ ትውስታና የራሱ ፕሮግራም ያለው አነስተኛ ኮምፒዩተር ነው። ለአብነት ያህል ብሮድኮም የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ለስማርት ስልኮች ያመረተው ቢ.ሲ.ኤም. 4339 የተሰኘ ቺፕ፣ በፋብሪካ የተጻፈና የማይለወጥ ፕሮግራም የያዘ 640 ኪሎባይት ማኅደረ ትውስታ እንዲሁም 768 ኪሎባይት የሥራ ማኅደረ ትውስታ አለው። አምራቾች ይህን አሠራር የመረጡት በዋነኛነት ባትሪ ለመቆጠብ ነው። ካርዱ ኔትወርክ የማፈላለጉንና ግንኙነቱን ጠብቆ የማቆየቱን ሥራ ብቻውን ሲያከናውን የስልኩ ዋና ፕሮሰሰር አርፎ ይቆያል።

አደጋው የሚመነጨውም ከዚሁ ነው። በአየር የሚመጣውን መልእክት በቅድሚያ የሚያነበው ፈርምዌሩ ነው፤ የላኪው ማንነት ገና ያልተረጋገጠበት መልእክትም ቢሆን በዚህ ያልፋል። እያንዳንዱ መልእክት የተለያዩ ክፍሎች ሲኖሩት የክፍሎቹ ርዝመት በመልእክቱ ውስጥ ተጠቅሶ ይመጣል። ፕሮግራሙ ርዝመቱን ሳያመዛዝን የሚቀዳ ከሆነ ትርፉ ይዘት በአጠገቡ ባለው ማኅደረ ትውስታ ላይ ይጻፋል። ነገሩ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ለአምስት መስመር በተዘጋጀ ቅጽ ላይ ሃያ መስመር ሲገለብጥ የሚቀጥለውን ባለጉዳይ መዝገብ እንደመሰረዝ የሚቆጠር ነው። በዚህ መልኩ የተጻፈው ትርፍ ይዘት ሆን ተብሎ የተዘጋጀ ከሆነ ካርዱ የአጥቂውን ትእዛዝ መፈጸም ይጀምራል።

ይህ ዓይነቱ ስህተት በዋናው የኮምፒዩተር ሥርዓት ላይም ይከሰታል። ሆኖም ዘመናዊ ሥርዓቶች መረጃ የሚቀመጥበትን ማኅደረ ትውስታ እንደ ፕሮግራም እንዳይሠራ ይከለክላሉ፤ የፕሮግራሞችን አድራሻም እየቀያየሩ ለአጥቂው ያደናግሩታል። የጎግል ፕሮጀክት ዜሮ ባልደረባ የነበሩት ተመራማሪ ጋል ቤንያሚኒ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2017 ይፋ ያደረጉት ጥናት ግን በመረመሯቸው የብሮድኮም ቺፖች ላይ እነዚህ መከላከያዎች እንዳልነበሩ አሳይቷል። ተመራማሪው በወቅቱ ማሻሻያዎቹ ሁሉ በተጫኑለት ኔክሰስ 6ፒ ስልክ ላይ ባካሄዱት ሙከራ፣ በመጀመሪያ የካርዱን ፈርምዌር፣ ቀጥሎም በዚያው በኩል የስልኩን ዋና የአሠራር ሥርዓት መቆጣጠር ችለዋል። የስልኩ ባለቤት አንድም ነገር መጫን አላስፈለገውም። አፕል ኩባንያም በዚያው ወር ለአይፎን ስልኮች አስቸኳይ ማሻሻያ አውጥቷል።

ከሦስት ወራት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2017 በላስ ቬጋስ በተካሄደው ብላክ ሃት የተሰኘ ጉባኤ የኤክሶደስ ኢንተለጀንሱ ተመራማሪ ኒታይ አርተንስታይን ብሮድፕውን የሚል ስያሜ የተሰጠውን ሌላ ክፍተት አቀረቡ። ይህኛው የሚለየው ክፍተቱ የሚገኘው መሣሪያው ከኔትወርክ ጋር ለመገናኘት መልእክት በሚለዋወጥበት የመጀመሪያ ደረጃ ላይ በመሆኑ ነው። አጥቂው የቢሮውን የይለፍ ቃል ማወቅ አይጠበቅበትም፤ መሣሪያው የሚያውቀውን ኔትወርክ ስም አስመስሎ መጥራት ይበቃዋል። ተመራማሪው ከዚህም አልፈው የተጠቃ ስልክ በአቅራቢያው ያለን ሌላ ስልክ በራሱ ሊያጠቃ እንደሚችል በማሳየት፣ ክፍተቱ ከስልክ ወደ ስልክ የሚዛመት ትል ሊፈጠርበት እንደሚችል አስረድተዋል። ጎግልና አፕል ማሻሻያውን በዚያው በሐምሌ ወር አሰራጭተዋል።

ጉዳዩ የአንድ አምራች ብቻ አለመሆኑ የታየው እ.ኤ.አ. በጥር 2019 ነበር። ዴኒስ ሴልያኒን የተባሉ ተመራማሪ በማርቬል ኩባንያ የአቫስታር ቺፕ ላይ ተመሳሳይ ክፍተት መኖሩን አስታወቁ። የዚህ ምርት ቤተሰብ ቺፖች በማይክሮሶፍት ሰርፌስ ላፕቶፖችና በፕሌይስቴሽን 4 የጨዋታ መሣሪያዎች ውስጥ ጭምር ይገኙ ነበር። ቺፑ ከየትኛውም ኔትወርክ ጋር ባይገናኝም በየአምስት ደቂቃው በአካባቢው ያሉ ኔትወርኮችን በራሱ ስለሚያፈላልግ፣ ክፍተቱን ለመጠቀም ተጠቃሚው ምንም ማድረግ አይጠበቅበትም። «ከማላውቀው ዋይፋይ ጋር አልገናኝም» የሚል ጥንቃቄ፣ መልካም ቢሆንም፣ በዚህ ረገድ ዋስትና አልሆነም።

እ.ኤ.አ. በየካቲት 2020 ኤሴት የተባለው የስሎቫኪያ የመረጃ ደህንነት ኩባንያ ይፋ ያደረገው ክሩክ የተሰኘ ክፍተት በባሕርዩ ከእነዚህ ይለያል። መሣሪያውን ለመቆጣጠር አያስችልም፤ የሚያጋልጠው በአየር ላይ የሚተላለፈውን መረጃ ነው። አንድ መሣሪያ ከኔትወርኩ ሲለያይ ካርዱ መረጃውን ይመሰጥርበት የነበረውን ቁልፍ አጥፍቶ በዜሮ ይተካዋል። ይህ ተገቢ አሠራር ነው። ስህተቱ ያለው በካርዱ ውስጥ ተራ ይጠብቅ የነበረው ቀሪ መረጃ ከዚያ በኋላ በመላኩ ላይ ነው፤ የሚላከውም በዜሮ ቁልፍ ተመስጥሮ በመሆኑ በአካባቢው ያለ ማንኛውም አድማጭ ሊፈታው ይችላል። በአንድ ጊዜ የሚያፈተልከው ጥቂት ኪሎባይት ነው። ይሁንና አጥቂው መሣሪያውን ደጋግሞ ከኔትወርኩ በማላቀቅ መጠኑን ሊያሳድገው ይችላል፤ ለዚህም የይለፍ ቃል አያስፈልገውም። ክፍተቱ የብሮድኮምና የሳይፕረስ ቺፖችን የሚመለከት ሲሆን ኤሴት የተጋለጡትን መሣሪያዎች ቁጥር ከአንድ ቢሊዮን በላይ ገምቶታል። ከነዚህም ውስጥ ስልኮችና ላፕቶፖች ብቻ ሳይሆኑ የዋይፋይ ማሰራጫዎችም ነበሩበት። የቢሮው ማሰራጫ ከተጋለጠ የሠራተኛው ላፕቶፕ ማሻሻያ ቢጫንለትም ከማሰራጫው ወደ ላፕቶፑ የሚላከው መረጃ እንደተጋለጠ ይቆያል።

እንዲህ ዓይነት ክፍተት ሲገኝ ማስተካከያው ረጅም መንገድ ይጓዛል። በቅድሚያ የቺፑ አምራች ፈርምዌሩን ያርማል፤ እርማቱ ለስልኩ ወይም ለኮምፒዩተሩ አምራች ይደርሳል፤ ያም በራሱ ምርት ላይ ሞክሮ ለተጠቃሚዎች ይለቃል። የመሣሪያው አምራች ለአሮጌው ሞዴል ድጋፍ ካቋረጠ እርማቱ መንገድ ላይ ይቀራል። መሣሪያው በመልካም ሁኔታ እየሠራ በመሆኑም ንብረት ክፍሉ ችግሩን የሚያውቅበት ምክንያት አይኖርም። በመሥሪያ ቤቶች ዘንድ ይበልጥ ሊያሳስብ የሚገባው ይህኛው ነው፤ በጀት አጥሮ ለዓመታት በአገልግሎት ላይ የሚቆይ ዕቃ በየቢሮው አለና።

በብዙ ኮምፒዩተሮች ላይ ፈርምዌሩ በካርዱ ውስጥ በቋሚነት የሚቀመጥ አይደለም። ኮምፒዩተሩ በተነሣ ቁጥር ድራይቨር የሚባለው ፕሮግራም ወደ ካርዱ ይጭነዋል። ስለሆነም የካርዱን ድራይቨር ማሻሻል ብዙውን ጊዜ ፈርምዌሩንም ማሻሻል ነው፤ የዊንዶውስ ማሻሻያ እየተጫነ ድራይቨሩ ግን በግዢው ዕለት በነበረበት ከቀረ ክፍተቱም እንዳለ ይቀራል። የዋይፋይ ማሰራጫዎች፣ ማተሚያዎችና የደህንነት ካሜራዎች ደግሞ ባለሙያ በየመሣሪያው ገብቶ ማሻሻያውን ካልጫነ ወይም በራሳቸው እንዲያሻሽሉ ካላዘጋጃቸው ለዓመታት ሳይነኩ ይከርማሉ።

በመሆኑም የመጀመሪያው ሥራ ቀላል ቢመስልም ብዙ ጊዜ የማይሠራ ነው፤ ይኸውም የንብረት መዝገቡ የመሣሪያውን መለያ ቁጥርና ዋጋ ከመያዝ አልፎ የዋይፋይ ካርዱን ሞዴልና የድራይቨሩን ቀን እንዲይዝ ማድረግ ነው። የክፍተት ማስታወቂያ ሲወጣ የትኛው ክፍል የትኛውን ቺፕ እንደሚጠቀም በአንድ ቀን ማወቅ የሚቻለው ያን ጊዜ ነው። ምስጢራዊ ሰነዶች የሚስተናገዱባቸው ኮምፒዩተሮች በገመድ እንዲገናኙና የዋይፋይ ካርዳቸው እንዲዘጋ ማድረግም ይቻላል። በሌላ በኩል ድረ ገጾችንና ኢሜይልን ከጫፍ እስከ ጫፍ በሚመሰጥር ግንኙነት መጠቀም እንደ ክሩክ ካሉ ክፍተቶች ይከላከላል፤ ያፈተለከው መረጃ ሌላ ምስጢር ለብሶ ይገኛልና። ካርዱን ራሱን ለመቆጣጠር ከሚያስችሉት እንደ ብሮድፕውን ካሉ ክፍተቶች ግን ይህ ብቻውን አይከላከልም፤ ለእነርሱ ከማሻሻያው ሌላ አስተማማኝ መፍትሔ የለም።

ማሻሻያ የሚገኘው ደግሞ ዕቃው ሲገዛ ከታሰበበት ነው። በጨረታ ሰነዶች ላይ የማኅደረ ትውስታ መጠን፣ የስክሪን ስፋትና የዋስትና ጊዜ በዝርዝር ይቀመጣሉ፤ አምራቹ የደህንነት ማሻሻያ የሚያቀርብበት ዘመን ግን እምብዛም አይጠየቅም። የዋስትናው ጊዜ የተሰበረውን ለመጠገን እንጂ የተገኘውን ክፍተት ለመድፈን ግዴታ አይጥልም። በዚህ ረገድ አንዳንድ አገሮች ሕግ አውጥተዋል። እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 29 ቀን 2024 ጀምሮ በብሪታንያ ከኢንተርኔት ጋር የሚገናኙ የሸማች መሣሪያዎች አምራቾች ማሻሻያ የሚያቀርቡበትን ዝቅተኛ ጊዜ እንዲገልጹ ይገደዳሉ። የአውሮፓ ኅብረት በ2024 ያጸደቀው የሳይበር ደህንነት ሕግ ደግሞ፣ የምርቱ የአገልግሎት ዘመን ከዚያ ያጠረ ካልሆነ በቀር፣ ድጋፉ ቢያንስ አምስት ዓመት እንዲሆን ይጠይቃል፤ ዋና ዋና ግዴታዎቹ ተፈጻሚ የሚሆኑትም እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 11 ቀን 2027 ጀምሮ ነው። የግዢ ኮሚቴዎች ይህንኑ የድጋፍ ጊዜ በራሳቸው የጨረታ ሰነድ ላይ እንደ አንድ መስፈርት ለማስገባት የሚያስፈልጋቸው አንድ ተጨማሪ መስመር ብቻ ነው።